የስቅለት ሰንሰለት

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ተነሳሁ። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሻይ ቀድቼ ወተት ጨመርኩበት፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጠብሼ ቅቤና የብርቱካን ማርማላታ ቀባሁና ከኩሽናው መስኮት ፊት ተቀመጥኩ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቷል። በግቢዬ ውስጥ በሚያልፈው መንገድ መጀመሪያ ፖስተኛው አለፈ። ቀጥሎ ከታችኛው ሰፈር ያለችው ነርስ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው እየሮጠች አለፈች። ከዚያ ጎረቤቴ ሞሪን ከነውሻዋ መጣችና በመስኮቱ አሻግራ እጇን አነሳችልኝ፤ እኔም ኩባያዬን አነሳሁላት። በትንሿ ከተማችን በካርልቤክ ሰው ማለዳ ላይ ከዚህ የበለጠ አይነጋገርም።

መንገዱ ከታችኛው ጎዳና ይነሳና በቤታችንና በፖም ዛፎቹ መካከል ሾልኮ፣ በላይኛው በር ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ ገበያው ይደርሳል። በዋናው ጎዳና ልዙር የሚል ሰው ኮረብታውን መውጣት ግድ ስለሚሆንበት፣ የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያቋርጠው በእኛ ግቢ ነው። ባለቤቴ ኤድመንድ በሕይወት ሳለም፣ ከእሱ በፊት አባቱ ሳሉም እንዲሁ ነበር።

ቤቱን ለመሸጥ የወሰንኩት ባለፈው የብርድ ወራት ከደረጃው ላይ ወድቄ ጉልበቴን ከተጎዳሁ በኋላ ነው። ከድልድዩ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሌላት ትንሽ የድንጋይ ቤት ለሽያጭ ቀርባ ነበር። ባለቤቷ ሽማግሌ ወደ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቁኝ፣ ከዚያ ካለፈ ግን ቤቷን ለሁለተኛው ጠያቂ እንደሚሰጡ ነግረውኛል። የእኔን ቤት ሊገዙ የተስማሙት ጆሲና ካላም የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው ገና ለማየት የመጡ ዕለት የፖም ዛፍ ላይ ወጥተው ስለነበር፣ በእኔ በኩል ነገሩ ያን ቀን አልቋል። የቀረው የጠበቆቹ ሥራ ነበር፤ የአንዱን ስም ከቤቱ አውርዶ የሌላውን ስም ማስፈር።

ጠበቃ የመረጠልኝ ልጄ ጁልያን ነው። እሱ ደግሞ የሰማው ከቤት ደላላው ነው። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ቢሮ ሁሉን ነገር በስልክ እንደሚጨርስ፣ ፈጣን እንደሆነ፣ ዋጋውም እንደሚቀንስ፣ አስተያየት የሰጡ ሰዎች ሁሉ እንዳመሰገኑት አስረዳኝ። በካርልቤክ የቤት ሽያጭ የምትሠራው ጠበቃ ፊሊፓ ጋርሳይድ ናት፤ ቢሮዋም ከሥጋ ቤቱ በላይ ነው። እሷ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጥኩት ኤድመንድ የሞተ ሰሞን ነበር። የውርሱን ጉዳይ ጨርሳ ስታበቃ የወረቀት መሐረብ ሳጥኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አልነካሁትም። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ልገዛ ስሄድ እንኳ ቀና ብዬ መስኮቷን አላይም ነበር። የሩቁ ቢሮ ስለ እኔ ምንም አያውቅም። ለጁልያን እሺ ያልኩት ዋጋው ስለቀነሰ ሳይሆን ለዚህ ነው።

በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ድምፅ ሌላ ነበር። ሁሉም ትሑቶች ናቸው። አንድ ቀን አንድ ወጣት ስለ ቤቱ ጥያቄ ሲያቀርብልኝ፣ በግቢው ውስጥ የሚያልፍ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ እንደሚያልፍ፣ እኛም ቅር ብሎን እንደማያውቅ ነገርኩት። በእኛ አገር ለማያውቁት ሰው የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ እግርህን የረገጠህን ሰው እንኳ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ወጣቱ አመስግኖኝ ስለ ማሞቂያው ቦይለር ወደ መጠየቅ ተሻገረ።

ስለ ስቅለት አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

በየዓመቱ የስቅለት ዕለት ኤድመንድ ከግቢው የዕቃ ማስቀመጫ ሼድ ውስጥ ወፍራም ሰንሰለት አውጥቶ በታችኛው በር ላይ ያስር ነበር። ከዚያ ካፖርቱን ለብሶ እስኪመሽ እዚያው ይቆማል፤ የመጣውን ሰው ሁሉ ዛሬ መንገዱ ዝግ ነው እያለ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ሰውም ላዩ ላይ መስቀል ያለበት፣ ዘቢብ የገባበት የስቅለት ዳቦ ይሰጠዋል። ዳቦውን የሚጋግረው ራሱ ነው። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው ምድጃ የሚነካው፤ ሁልጊዜም ሥሩን ያሳርረዋል። ኤድመንድ መንገድ የሚዘጋው ያረረ ዳቦውን የሚበላለት ስላጣ ነው እየተባለ በመጠጥ ቤቱ ይቀለድበት ነበር። እሱም ሰምቶ ይስቃል። እኔ ይህን ነገር ከአባቱ የወረሰው የቤተሰብ ልማድ ነው ብዬ ነበር የማየው። የስልክ ድምፅ ፊት አውጥቼ የማስቀምጠው ነገር አልነበረም።

ያን ማክሰኞ ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። አሁንም ሌላ ድምፅ፣ ሴት ናት። ሄስተር ብላ በስሜ ጠራችኝ፤ በካርልቤክ ከሞሪን በቀር በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። ችግር መፈጠሩን ነገረችኝ። የከተማችን የእግር ጉዞ ማኅበር በግቢዬ ውስጥ ያለው መንገድ የሕዝብ መንገድ ተብሎ እንዲመዘገብ ለአካባቢው ምክር ቤት ማመልከቻ አስገብቷል። ለጆሲና ለካላም የሚያበድረው ባንክ ይህን ሲሰማ ብድሩን ይዞታል። የሕዝብ መንገድ ከሆነ ለዘለዓለም ሊዘጋ አይችልም፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መሐል ማንም በፈለገው ሰዓት ያልፋል። ጉዳዩ እስኪወሰን ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እኔ ራሴ ሰው ሁሉ እንደሚያልፍና ቅር እንደማይለኝ ስለተናገርኩ፣ በእነሱ በኩል የሚባል ብዙ ነገር እንደሌለ በትሕትና ገለጸችልኝ። ከዚያ መልካም ቀን ተመኘችልኝ።

ሻዬ ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የወንዙ ዳር ቤት ከእጄ ልትወጣ ነው፤ እኔም ያንን ደረጃ እየወጣሁና እየወረድኩ፣ አንድ ቀን ዳግመኛ እስክወድቅ እቀመጣለሁ።

ሞሪን ከውሻዋ ጋር ስትመለስ ኩባያዬ ሳይነካ በመስኮቱ አየችውና ሳታንኳኳ ገባች። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። ማመልከቻውን ያስገቡት የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዴዝሞንድ ትዌይት መሆናቸውን ስነግራት አልገረማትም። የሽያጩ ሰሌዳ ከተተከለ ጀምሮ፣ አዲሶቹ ሰዎች መንገዱን ይዘጉታል እያሉ በየሱቁ ሲናገሩ ሰምታለች። የተቆጣችው በእኔ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፊሊፓ ጋርሳይድ እዚህ ሥጋ ቤቱ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ቤትሽን ለስልክ ሰጠሽው?»

«ስልክ አይደለም፣ ሞሪን። ትልቅ ቢሮ ነው።»

«መስኮት አለው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ቢኖረውስ ምን ያሳየዋል? የፊሊፓ መስኮት የአንቺን በር ያሳያል። ተነሺ፣ ካፖርትሽን ልበሺ። ደረጃው ላይ ከኋላ እገፋሻለሁ።»

አልገፋችኝም፤ ግን እስከ ሥጋ ቤቱ ድረስ ክንዴን አለቀቀችውም። ደረጃውን ብቻዬን ወጣሁ።

ፊሊፓ ቁርሷን እየበላች ነበር። የሳንድዊቹን ፍርፋሪ ከጠረጴዛዋ ላይ ጠረገች፤ ጭቃ የነካ ቦት ጫማዋን ከወንበሩ ሥር ደበቀችና ሻይ አፈላችልኝ። እንዴት ነዎት ብላ አልጠየቀችኝም። ለዚህ አመሰገንኳት፣ በልቤ። ሁሉንም ነገር ሰማች፤ ወጣቱ ምን እንደጠየቀኝና ምን እንደመለስኩለት ስነግራት ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስኮቱ ገበያው፣ ከገበያው ወዲያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የግቢያችን ላይኛው በር ይታያል።

«ስለ ስቅለትስ ነገሯቸው፣ ወይዘሮ ሆልሮይድ?»

«አልነገርኳቸውም» አልኳት።

«ልጅ ሆኜ አንድ ስቅለት በብስክሌት መጣሁ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እናቴ ዓሣ ግዢ ብላ ልካኝ ቸኩያለሁ። ባለቤትዎ ሰንሰለቱ ጋ ቆመዋል። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ። ዳቦ ሰጡኝና መለሱኝ። ሥሩ ከሰል ነበር።»

«ሁልጊዜ ያሳርረው ነበር» አልኳት።

ስለ ኤድመንድ ከማንም ጋር እንዲህ ከተነጋገርኩ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ፊሊፓ የመሐረቡን ሳጥን አልገፋችም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ሕጉን አስረዳችኝ። ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይከለክለው የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። ባለቤቱ ግን በዓመት አንድ ቀን እንኳ ከዘጋው፣ በሌላው ቀን የሚያልፈው ሰው የሚያልፈው በእሱ ፈቃድ ነው ማለት ነው። የኤድመንድ አባትም ኤድመንድም ስቅለትን የመረጡት በዚያ ቀን አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋና ሰውን ብዙም ስለማያስቸግር ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ዳቦው ደግሞ ካሣ ነበር።

የቤተሰብ ልማድ ያልኩት ነገር አጥር ነበር። ኤድመንድ አንድም ቀን ይህን አልነገረኝም፤ ምናልባት አውቀዋለሁ ብሎ ገምቶ ይሆናል።

ፊሊፓ ራሷ ልትመሰክር አትችልም፤ ጉዳዩን ከያዘችልኝ ጠበቃዬ ናት። «ማንን እንደምጠይቅ ግን አውቃለሁ» አለች። ያኔውኑ ከቢሮዋ ስልክ ወደ ሩቁ ቢሮ ደውዬ ጉዳዬን ወደ ካርልቤክ እንዲልኩት ጠየቅኳቸው። ድምፁ በአገልግሎታቸው ምን ያህል እንደረካሁ ጠየቀኝ። ሁሉም ትሑቶች ነበሩ ብዬ እውነቱን ነገርኩት።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ፊሊፓ ለማንም ደብዳቤ አልጻፈችም። ወደ ሥጋ ቤቱ ወርዳ ሰልፉ ውስጥ ቆመች፤ አንድ ኪሎ ቋሊማ እስክትገዛ ድረስ የኤድመንድ ሆልሮይድን ዳቦ የቀመሰ ማን እንደሆነ እያነሳች ታወራ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የቢሮዋ ደረጃ በሰው ሞላ። ፖስተኛው መጣ፤ አንድ ስቅለት ደብዳቤ ላደርስ ነው ብሎ ዋሽቶ ሊያልፍ ሞክሮ በዚያ ቀን ደብዳቤ እንደማይታደል ኤድመንድ እንዳስታወሰው ተናገረ። ነርሷ መጣች። ሥጋ ሻጩ ራሱ ሽርጡን ሳያወልቅ ወጣና ሚስቱን የተዋወቃት በሰንሰለቱ ምክንያት በዋናው ጎዳና ሲዞር መሆኑን፣ ስለዚህም በኤድመንድ ላይ ቂም እንዳለው አስመዘገበ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ጥግ ላይ ባለው ወንበር ተቀምጬ አዳመጥኩ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የየራሳቸውን ኤድመንድ ይዘው ኖረው ኖሯል።

ዓርብ ጠዋት የባንኩ ጠበቃ ለፊሊፓ የሰጠው መልስ ግን ቀዝቃዛ ነበር። እነዚህ ሁሉ የወይዘሮዋ ወዳጆች ናቸው፤ ሌላኛው ወገን ምን ይላል ነበር ጥያቄው። ፊሊፓ ስልኩን ዘግታ እስክሪብቶዋን መንከስ ጀመረች። ሌላኛው ወገን ማለት አቶ ትዌይት ናቸው፤ አቶ ትዌይትን ደግሞ ሄዳ ብትለምናቸው በሩን እንደሚዘጉባት ሁለታችንም እናውቃለን።

መለመን አላስፈለገም። የሐሙሱን ወሬ ሥጋ ቤት ሰምተው ኖሮ፣ ከጥቂት በኋላ ደረጃው በከዘራ ሲንኳኳ ሰማን። ረጅም፣ ቀጭን፣ የዝናብ ልብሳቸውን በጠራራ ፀሐይም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ለእኔ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝና ለፊሊፓ፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ወገን ቃሉን ሲሰጥ የእሳቸው ቃል ሳይጻፍ መቅረት እንደሌለበት ነገሯት።

ፊሊፓ ነገሩን አልሸፈነችባቸውም። የእኔ ጠበቃ መሆኗን፣ የሚናገሩት ሊጠቅመኝ እንደሚችል፣ ከፈለጉ መጀመሪያ የራሳቸውን ጠበቃ ማማከር እንደሚችሉ ነገረቻቸው።

«ጠበቃ አያስፈልገኝም። እውነት ነው የምናገረው» አሉ አቶ ትዌይት። «ይጻፉት፣ እንዳለ። በዚያ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ተመላልሻለሁ።»

«ማንም አግዶዎት አያውቅም?»

«አግዶኛል እንጂ። ያ ሰውዬ በየዓመቱ አግዶኛል። አንድ ስቅለት በዶፍ ዝናብ፣ ማኅበርተኞቼ ከኋላዬ ቆመው፣ በሰው ፊት መለሰኝ። እንደ ሕፃን ዳቦ አስጨብጦ።»

«ምን አሉዎት?»

«‹አቶ ትዌይት፣ ነገ በደስታ ያልፋሉ፤ ዛሬ ግን መንገዱ የእኔ ነው› አለኝ። ቃል በቃል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

«ዳቦውንስ ምን አደረጉት?»

«በላሁት። ርቦኝ ነበር።»

ፊሊፓ ሳትስቅ ጻፈችው። ቀጥላ፣ አቶ ሆልሮይድ ካረፉ በኋላስ መንገዱን የዘጋ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ ትዌይት ያኔ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እሳቸው ነበሩ የቆሙት። ገና የቀብሩ ሰሞን ነው። ዘንድሮስ ማን ያግደኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ አልደብቅም። ሰንሰለቱ ታስሯል። እሳቸው በጥቁር ካፖርት ከሰንሰለቱ ወዲያ ቆመዋል። ዳቦ አልነበረም። ያዩኝ አይመስለኝም። ባርኔጣዬን አውልቄ በዋናው ጎዳና ዞርኩ።»

አላየኋቸውም ነበር። ያን ቀን ማንንም አላየሁም። ሰንሰለቱን ለምን እንዳሰርኩ ለራሴም አላውቀውም ነበር፤ ቀኑ ስቅለት ስለነበረና ሰንሰለቱ በቦታው ስለነበረ ብቻ አሰርኩት። በመስኮቱ ወደ ላይኛው በር አየሁ፣ ፊቴ እስኪስተካከል።

ፊሊፓ የጻፈችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። እያነበበች ሳለች አቶ ትዌይት ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። 

«ራሴን በራሴ አሰርኩ ማለት ነው» አሉ ንባቡ ሲያልቅ።

«እውነቱን ተናገሩ፣ ሌላ ምንም አላደረጉም» አለች ፊሊፓ። «ካልፈለጉ አይፈርሙም። ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

«እድሜ ልኬን ልጆችን አትዋሹ ስል ኖሬ፣ በስተርጅና ያልኩትን ልዋጠው?» እስክሪብቶውን ተቀበሏት፤ ሳይፈርሙ ግን ቆም አሉ። «አንድ ነገር ይጨመርበት። ዳቦው ያረረ ነበር።»

ፊሊፓ ጨመረችው።

ከመፈረማቸው በፊት እኔም መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ሐሙስ ማታ በስልክ አነጋግሬያቸው፣ ጆሲና ካላም ሰንሰለቱን ከእኔ እንደሚረከቡ፣ ከስቅለት በቀር በሌላው ቀን ሁሉ የታችኛው ሰፈር ሰው እንደ ድሮው እንዲያልፍ መስማማታቸውን፣ ይህንንም በውሉ እንደማስጽፈው ነገርኳቸው። አቶ ትዌይት ረዘም አድርገው አዩኝ። «ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ» አሉ፤ የቀረውን ሳይጨርሱ ፈረሙ።

ቃሉ በመሐላ መጽናት ነበረበት። ፊሊፓ የእኔ ጠበቃ ስለሆነች ልታስምላቸው አትችልም፤ ምስክሮቹ ሁሉ ገበያውን ተሻግረው ወደ ሌላው ጠበቃ፣ ወደ ሽማግሌው አቶ ኦልድፊልድ ዘንድ መሄድ ነበረባቸው። ፊሊፓ ወደ ታች ጠራች፤ የሐሙሶቹ ሰዎችም ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለ ሰልፍ ካርልቤክ አይታ አታውቅም። አቶ ትዌይት ፊት ፊት ሆነው ከዘራቸውን ዘርግተው መኪና አስቆሙ። ከኋላቸው ሥጋ ሻጩ በሽርጡ፣ ፖስተኛው ከነቦርሳው፣ ነርሷ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ሞሪን ምስክር ባትሆንም ውሻዋን ይዛ መሐል ገብታለች። የአይብ ነጋዴው ምን ሆናችሁ ቢላቸው፣ ልንምል ነው አሉት፤ የማን ቀብር ነው ብሎ ለጠየቀ ሌላ ሰውም ሞሪን ቀብር አይደለም፣ ድል ነው ብላ መለሰችለት። ከሁሉም ኋላ እኔ ነበርኩ፣ በፊሊፓ ክንድ ተደግፌ። ጉልበቴ እንደሚያመኝ ያስታወስኩት ማዶ ከደረስኩ በኋላ ነው። አቶ ኦልድፊልድ በሩን ከፍተው ሕዝቡን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

የባንኩ ጠበቃ የአቶ ትዌይትን ቃል ካነበበ በኋላ አንድም ጥያቄ አላነሳም። የእግር ጉዞ ማኅበሩ ማመልከቻውን ሳበ፤ በስብሰባው ላይ ማመልከቻው ይሳብ ብለው ሐሳብ ያቀረቡት አቶ ትዌይት ራሳቸው ነበሩ፣ የደገፋቸውም ፖስተኛው። ውሉ ወሩ ሳያልቅ ተፈረመ። ጁልያን ከለንደን ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ያ ቢሮ ግን ያን ያህል ምስጋና እያለው እንዴት እንዲህ እንደሆነ አልገባኝም አለ።

«መስኮት አልነበረውም፣ ልጄ» አልኩት።

በተዛወርኩበት ቀን ቁልፉን ለደላላው ሰጥቼ ሰንሰለቱን ግን በእጄ ለጆሲ አስረከብኳት። ከብዷት በሁለት እጇ ተቀበለችው። ለምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ በሼዱ ውስጥ የሚሰቀልበትን ምስማርም አሳየኋት። ከዚያ በግቢው አልፌ፣ በታችኛው በር ወጥቼ፣ ወደ ወንዙ ወረድኩ። በትንሿ ቤቴ ከመኝታ ክፍል ወደ ኩሽና እንደ ንግሥት ተራምጄ እገባለሁ፤ ደረጃ ስለሌለ የምይዘው መደገፊያ እንኳ የለም። በመስኮቴ ድልድዩ ይታያል። ፊሊፓ ከሥራ ስትመለስ በድልድዩ ታልፋለች፤ እጇን ታነሳልኛለች፣ እኔም ኩባያዬን አነሳላታለሁ።

ብርዱ አልፎ ስቅለት ደረሰ። ጠዋት ሻዬን ጠጥቼ ካፖርቴን ለበስኩና ወደ ታችኛው በር ሄድኩ። ሰንሰለቱ ታስሯል። ካላም ከትልቁ ልጁ ጋር ከሰንሰለቱ ወዲያ ቆሟል፤ በቅርጫት ዳቦ ይዘዋል። ሲያየኝ ደንግጦ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ለእርስዎማ እከፍታለሁ፣ ወይዘሮ ሆልሮይድ።»

«ለእኔ ከከፈትክ ለሁሉም ከፈትክ» አልኩት። «መልሰኝ እንጂ።»

ልጁን አየው፤ ልጁም እሱን አየው። ከዚያ ካላም ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ነገ በደስታ እንደማልፍ፣ ዛሬ ግን መንገዱ የእሱ እንደሆነ ነገረኝ። ከማን እንደተማረው ዞር ስል ገባኝ፤ ከኋላዬ አቶ ትዌይት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ነርሷና ሥጋ ሻጩ ከነሚስቱ ተሰልፈዋል። ማንም ማለፍ አልፈለገም። ሁሉም ሊመለሱ ነው የመጡት።

ዳቦዬን ተቀብዬ ተመለስኩ። ድልድዩ ላይ ቆሜ በላሁት። ለስላሳ ነበር፤ ዘቢቡ በዝቶለታል፤ መስቀሉም ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከመጨረሴ በፊት ገልብጬ አየሁት።

ሥሩ አላረረም ነበር።